ጋሽ ማርቆስና ብርቱካናማው መስመር

ከመጠየቅ ቤቱ በጭስ ቢሞላ የሚመርጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ አንድ አውቃለሁ፤ የድምፅ ማጉያ ጠጋኙን ጋሽ ማርቆስን። እጃቸው የተባረከ ነው፤ ዓይናቸው ግን ቀይን ከብርቱካናማ አይለይም። «አምፖሉ ደክሞ ነው» ይላሉ እሳቸው። በጠራራ ፀሐይም ያው ናቸው። የሬዚስተር፣ ማለትም በማጉያው ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚመጥነው ትንሽ ዕቃ፣ አቅም ደግሞ የሚነበበው በላዩ ከተሠመሩት ቀለማት ነው። ስለዚህ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር አጠገባቸው ተቀምጠው ቀለሙን ያነቡላቸዋል።

የቤተ ክርስቲያናችንን ማጉያ ይዤ የሄድኩ ዕለት ግን ሁለቱ ተኳርፈው ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአንድ ሽማግሌያችን ቀብር አለ።

«እትዬን አይጠይቋቸውም?» አልኳቸው።

«ቀለም ለማየት አማላጅ ልላክ?» አሉና በግምት አንዱን ሬዚስተር መርጠው በየዱት።

ማጉያው ጨሰ።

እትዬ አስቴር ወደ እኔ ዞረው «የከተተው ባለ ቀይ መስመር ነው፤ ቀድሞ የተቃጠለው ግን ባለ ብርቱካናማ ነበር በልልኝ» አሉ።

አጠገባቸው ለተቀመጡት ባላቸው መልእክቱን አደረስኩ። ጋሽ ማርቆስ የሬዚስተሩን ሣጥን አንስተው ሚስታቸው ጉልበት ላይ አስቀመጡት።

«አስቴር፣ አንቺው ምረጪልኝ» አሉ።

በቀብሩ ላይ የሰባኪው ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ። አንድ ሰው «ማን ሠራው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጋሽ ማርቆስ ቀስ ብለው «እኛ» አሉ።