ለቦይ የተነፋ ጥሩምባ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ማንም ሳይጠራችሁ፣ ማንም ሳይቆጣችሁ፣ በገዛ ፈቃዳችሁ ተነስታችሁ ለሰፈራችሁ የሠራችሁት የመጨረሻ ሥራ ምን ነበር? አትቸኩሉ፣ ረጋ ብላችሁ አስቡበት። እኔ ጥያቄውን ለራሴ አቅርቤ መልሱ ስላሳፈረኝ ነው ወደ እናንተ ያዞርኩት። ሰው በኔ አስተያየት በፈቃዱ የሚበላና በፈቃዱ የሚተኛ ፍጡር ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ወይ ሆዱ ያዝዘዋል፣ ወይ ሚስቱ ታዝዘዋለች፣ ወይ መንግሥት ያዝዘዋል። በደርግ ጊዜ ሦስቱም ባንድ ላይ ያዝዙን ነበር። ሜጋፎን የነበረው ግን አንዱ ብቻ ነው።

በናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ በጎ ፈቃድ የሚባለው ነገር ከአደይ አበባ ጋር አብሮ ነበር የሚፈነዳው። ክረምቱን ሙሉ ከተራሮቹ የሚወርደው ጎርፍ ደለሉንም፣ አሮጌ ጫማውንም፣ የሞተ ድመቱንም ሰብስቦ ቦያችን ውስጥ ይከምርና፣ መስከረም ሲጠባ ውሃው መሄጃ አጥቶ በየግቢያችን ይተኛል። ያኔ ቀበሌው ይነቃል። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አበራ ጋሪ ላይ ቆሞ፣ ሜጋፎኑን አፉ ላይ ደቅኖ፣ በየመንገዱ ያውጃል።

«ነገ ለሚካሄደው የበጎ ፈቃድ የጽዳት ዘመቻ ነዋሪው በነቂስ እንዲወጣ! በገዛ ፈቃዱ በማይወጣ ሰው ላይ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰዳል!»

እስቲ ይህን አዋጅ መለስ ብላችሁ አንብቡት። እኛ በየዓመቱ ሰምተነዋል፤ አንድም ቀን አልሳቅንም። ደግነቱ እርምጃው ስኳር መከልከል ነበር። ወንጂ እዚያ ማዶ ሆኖ፣ የሸንኮራው ሽታ በነፋስ አፍንጫችን ድረስ እየመጣ፣ ስኳሩን ግን የምናገኘው ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ነበርና ዛቻው ቀላል አልነበረም።

ያም ሆኖ እሑድ ጠዋት ሰፈሩ ጭር ይላል። ለካ ናዝሬት የበሽተኛ ከተማ ኖሯል! ወገቡን የያዘው፣ ሱባዔ የገባው፣ ጤፍ ሊገዛ ደራ የሄደው ስፍር ቁጥር የለውም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አርሲ ነገሌ ያለች አክስቱን በየመስከረሙ ይቀብራት ነበር፤ ሴትዮዋ ግን በየበጋው እየዳነች ታስቸግረዋለች። እኔ? እኔ ሽንት ቤት እገባ ነበር። በሩን ከውስጥ ቆልፎ የሚያቃስትን ሰው ለዘመቻ የሚፈልገው የለም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ተመልከቱ። ይኸው ወገቡን የያዘው ሕዝብ የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሌላ ሰው ይሆናል። ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ ገመዳ ከስኳር ፋብሪካ በጡረታ የወጡ፣ ረዘም ያሉ፣ በሳንባቸው የሚኮሩ ሰው ነበሩ። ሰው ሲሞት ንጋት ላይ መጀመሪያ ሟቹ ደጃፍ ቆመው ይነፋሉ፤ ከዚያ ሰፈሩን ይዞራሉ። የእድራችን ደንብ ይህ ነው። እኛም የመጀመሪያው ድምፅ ከወዴት እንደመጣ ከአልጋችን ሳንወርድ አድምጠን ቀጥታ ወደዚያ እንሄዳለን። ማን ሞተ ብሎ መንገድ ላይ የሚቆም የለም፤ ሲደረስ ይታወቃል። ድንኳን የሚተክለው፣ አግዳሚ የሚሸከመው፣ ጉድጓድ ሊቆፍር የሚሮጠው፣ ንፍሮ የምትጥደው፣ ሁሉም አለቃ ሳይኖርበት ቦታውን ያውቃል። እድርም እኮ ቀሪውን ይቀጣል ትሉኝ ይሆናል። ይቀጣል። ነገር ግን ሰው የሚወጣው ነግ በኔ ብሎ ነው። ስለ ቦይ ነግ በኔ የሚል ሰው ግን እስከዛሬ አላየሁም።

ጓድ አበራን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳትስሉት። እዚያው ሰፈር የተወለደ፣ ከሹመቱ በፊት ጎማ ይለጥፍ የነበረ ልጅ ነው። የሚኖረው ከእናቱ ከእማማ ጥሩወርቅ ጋር ነበር። ታናሽ ወንድሙ ግርማ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ድምፁ ጠፍቷል። መኖሩንም መሞቱንም የሚያውቅ የለም። እማማ ጥሩወርቅ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጡ ነበር፣ በተለይ በማለዳ። መርዶ የሚመጣው ማልዶ ነዋ! ሽማግሌዎች ሰብሰብ ብለው ደጃፍ ላይ ከታዩ ነገሩ አበቃ። ልጅ የዘመተባት የሰፈራችን እናት ሁሉ ንጋትን ትፈራ ነበር።

አንድ መስከረም ላይ የቦዩ ነገር ጠና። ከበላይ አካል የመጡ እንግዶች እሑድ ዕለት ሊጎበኙት ነው ተባለ። እግረ መንገዳቸውን ነው እንጂ ዋናው ጉዟቸው ሶደሬ ፍል ውሃ ሊታጠቡ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመቻ የወጣው ጓድ አበራና አንድ ባለቤቱ ያልታወቀ ፍየል ነው። ይባስ ብሎ ሜጋፎኑ ባትሪ ጨረሰ። ጓድ አበራ እሑድ ማለዳ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲተክዝ ጋሽ ገመዳ ሲያልፉ አያቸው፤ ያን ጊዜ ነው ብልሃቱ የመጣለት። የተነጋገሩትን ኋላ ራሳቸው ጋሽ ገመዳ ነግረውኛል።

«ጋሽ ገመዳ፣ ጥሩምባዎን አምጥተው ይንፉልኝ። ሰዉ ይውጣ።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተ። ለቦዩ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው አንድ ዜማ ነው፤ እሱም የሞት ነው። ማሎ፣ እባክህ ተወኝ!»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ሲባል አልሰሙም? ግዴለም ይንፉ፤ ሲወጡ እኔ አስረዳቸዋለሁ።»

ሊቀመንበር ካዘዘ ምን ይደረጋል? ጋሽ ገመዳ እያጉረመረሙ ጥሩምባቸውን ሊያመጡ ሄዱ፤ ጓድ አበራ ደግሞ አካፋና ዶማ ሊያሰናዳ ወደ ቦዩ ወረደ። ጋሽ ገመዳ ተመልሰው የታዘዙበት ቦታ፣ ጓድ አበራ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ባላቸው ሳንባ ሁሉ ነፉት። ከዚያም እንደ ደንባቸው ሰፈሩን ሊዞሩ ሄዱ።

እኔ ሽንት ቤት ልገባ እየተሰናዳሁ ነበር። ጥሩምባውን ስሰማ ሆዴ ወዲያው ተሻለኝ። ጋቢዬን ደርቤ ስወጣ መንገዱ በሰው ሞልቷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ተሸክመዋል። ልብስ ሰፊው እንኳ ከፊት ከፊት ይሮጣል። ድምፁ የተነሳው ከጓድ አበራ ደጃፍ መሆኑን ሁላችንም ለይተናል። ጓድ አበራን ቦዩ ዳር ከሩቅ አየነው፤ እሱ አልሞተም። ደጃፋቸው ስንደርስ እማማ ጥሩወርቅ በር ከፍተው ብቅ አሉ፤ እሳቸውም አልሞቱም። ታዲያ ከዚያ ቤት ማን ቀረ?

«ወይኔ ግርማዬ!» አለች ከመካከላችን አንዷ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቅ!

እማማ ጥሩወርቅ አልጮኹም። ያንን የሚፈሩትን ንጋት ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ያገኙት መሰለኝ። «ልጄን ነው?» አሉ በቀስታ። ሁላችንም ሌላው ያውቃል ብለን አንገታችንን ደፋን፤ አንገት መድፋታችን መልስ ሆነባቸውና መሬት ላይ ወደቁ። እኔም አለቀስኩ። ግርማ ልጅ ሆኖ አጥሬን እየዘለለ ፓፓያዬን ይሰርቀኝ ነበር፤ ምነው ዛፉን ነቅሎ በወሰደው ኖሮ እያልኩ አለቀስኩ።

ጓድ አበራ ቦዩ ዳር አካፋውን ደርድሮ ሲጠብቅ፣ ዘግይተው የወጡ ሽማግሌዎች እየመጡ እግዜር ያጽናህ እያሉ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ያልፋሉ። መጀመሪያ አልገባውም። የእናቱን ጩኸት ሲሰማ ግን አካፋውን ጥሎ በረረ። ደጃፉ ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ፣ እናቱ አፈር ላይ ተቀምጠዋል። ጥሩምባው ለምን እንደተነፋ የሚያውቀው እሱ ራሱ አልነበረም? ነበር። ግን አለቀሰ! «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኛን አይቶ አለቀሰ፤ እኛም እሱን አይተን አረጋገጥን።

ይሄኔ ጋሽ ገመዳ ዙራቸውን ጨርሰው ደረሱ። ለቅሶውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ? ማን ሞተ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የነፉት?»

«እኔማ ለቦዩ ነው የነፋሁት!»

ተያየን። ሁለታችንም ዝም ብንል ግርማን በቁሙ ቀብረነው ልንገባ ነው። ጋሽ ገመዳ ጥሩምባቸውን ብብታቸው ስር ወሽቀው ሰዉን እየከፈሉ ወደ ፊት አለፉ፤ እማማ ጥሩወርቅ አጠገብም ቁጢጥ አሉ። «እማማ፣ ማንም አልሞተ። ከሰሜን የመጣ ወሬ የለም። ልጅዎ ለቦዩ ንፋ ብሎኝ ነው።»

ለቅሶው ባንዴ ቀጥ አለ። ጓድ አበራ ከመሬት ቀና ሲል ነገሩ ትዝ ሲለው ፊቱ ላይ አየሁት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ጥፊ ጠብቀን ነበር። እማማ ጥሩወርቅ ግን ተነስተው ነጠላቸውን አራገፉና «እንግዲያው ግርማ አለ?» አሉ። መርዶ አለመምጣቱን እንጂ መኖሩን ማን ያውቃል? ደስ እንዳይለን፣ አላወቅን። እንዳናዝን፣ አላወቅን። እማማ ጥሩወርቅ ፊታችንን አንድ በአንድ አይተው ሲያበቁ ወደ ጥሩምባ ነፊው ዞሩ።

«ገመዳ፣ ማልልኝ። ይህ ጥሩምባ ከእውነተኛ ሞት በቀር ለምንም እንዳይነፋ። መንግሥት ቢያዝዝህም።»

«በዋቃ እምላለሁ፣ እማማ።»

«አንተም ማል» አሉት ልጃቸውን። ጓድ ሊቀመንበር፣ እግዜር የለም እያለ በየስብሰባው የሚያስተምረን ሰው፣ በእግዜር ስም ማለ።

«በሉ እንግዲህ፣ ከወጣችሁ አይቀር ቦዩን ጥረጉ» አሉን።

ማን እምቢ ይላል? በለቅሶ ልብሳችን፣ ዓይናችን እንደቀላ ወረድንበት። ፀሐይዋ ሳትበረታ ቦዩ ተጠርጎ ውሃው መፍሰስ ጀመረ። እንግዶቹ በላንድሮቨር ሲደርሱ ጋቢ ለባሽ ሁሉ ደለል ይዝቃል፣ ሴቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ አፈር ይሸከማሉ። አንደኛው ባለሥልጣን ልቡ ተነካና «ሕዝብ በአብዮታዊ ስሜት እንዲህ እያነባ ሲሠራ አይቼ አላውቅም» አለ። ድንኳኑስ ሲል ጓድ አበራ ለእንግዶች ጥላ ነው አለው። እዚያው አስቀመጥናቸው። ለሐዘን የተጣደው ንፍሮ በስሎ ነበርና ቀረበላቸው፤ በጣም ጥሟቸው ሁለተኛ አስጨመሩ። ቀበሌያችንም በበጎ ፈቃድ ተሳትፎ አርአያ ተብሎ ቀይ ባንዲራ ተሸለመ።

ዓመታት አለፉ፤ መንግሥት ተለወጠ። ጓድ አበራ ጓድነቱ ወድቆ አበራ ብቻ ቀረ፤ ወደ ጎማውም ተመለሰ። ቀዩ ባንዲራ የት እንደገባ አላውቅም። ጥሩምባው በነዚያ ዓመታት ሁሉ ስንቱን ቀብረንበታል፤ አንድም ጊዜ ግን አልዋሸም።

የተበተነው ወታደር በየመንገዱ በሚመጣበት በዚያ ሰኔ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ባለጋሪ ከሩቅ «ግርማ መጣ! ግርማ መጣ!» እያለ ወደ ሰፈራችን ገባ። ጋሪው ላይ አንድ ከስቶ የጠቆረ ሰው ተቀምጧል። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ማንም አልጠራን። ያለ እልልታ ነበር የምንሄደው፣ ከደስታ ብዛት እያለቀስን። እማማ ጥሩወርቅ በራቸውን ከፍተው ያዩት እንግዲህ እየተላቀሰ የሚመጣ ሕዝብ ነው። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ።

አበራ ሮጦ ከፊታቸው ተንበረከከ። «እማዬ፣ ግርማ መጣ!» አላቸው። አላመኑትም። እየተላቀሱ መጣ የሚሉት ምን ዓይነት መምጣት ነው? እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙንና በዓይናቸው ጋሽ ገመዳን ፈለጉ።

«ገመዳ፣ ጥሩምባው ተነፍቷል?»

«አልተነፋም፣ እማማ።» ባዶ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩ።

«ምለህልኛል።»

«ምያለሁ።»

«እንግዲያው ልጄ አለ» አሉና ብድግ አሉ። እልልታውን የጀመሩትም እሳቸው ናቸው።

ግርማ ከጋሪው ዘሎ ወርዶ ወደ እናቱ ሲሮጥ መንገዱ መካከል እስከ ጉልበቱ ሰመጠ፤ ቦዩ ከተደፈነ ቆይቶ ነበርና። ስንት ጥይት የሳተውን ልጅ የሰፈሩ ጭቃ ሊያስቀረው! እየተሳሳቅን ጎትተን አወጣነው። እናቱ ጭቃውን ሳይጠርጉ አቀፉት፤ ነጠላቸው ላይ የቀረውን ጭቃም ለብዙ ቀን አላጠቡትም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ። ማንም ሳይጠራኝ፣ ማንም ሳይቆጣኝ፣ በገዛ ፈቃዴ የወጣሁት ያን ቀን ነው። አካፋ ግን ይዤ አልወጣሁም።