ሲቆነጠጥ ቀጥ የሚል ክዳን

ኢየሩሳሌም፣ ታልፒዮት ሰፈር ውስጥ፣ በጥበቡ ወደር የማይገኝለት አንድ የፕላስቲክ ክዳን ፋብሪካ ደስታነሽን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ነገር ሲከሳት ኖሯል፤ «ክዳኑን የሚያጎብጠው እጅሽ ነው» እያለ። ሥራዋ ክዳን ካርቶን ውስጥ መደርደር ነው። ክዳኑ ገና ሳይበርድ ቅርጽ ከሚያወጣለት ፎርማ ተመንጭቆ ሲወጣ እንደ ደረቀ ቆዳ እንደሚቆለመም በዓይኗ ታያለች። ዓይን ግን ዲፕሎማ የለውም።

ደንበኞች የጎበጠ ክዳን መመለስ ሲያበዙ፣ ሥራ አስኪያጇ ኤቲ መለኪያ መሣሪያ አስመጣች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ማደር እንኳ አላስፈለገም። መሐንዲሱ ኦሬን ክዳኑን በአራት መቆንጠጫ ከጠረጴዛው ጋር ጨምድዶ ለካው። መጉበጡ ዜሮ ሆነ።

«እስቲ ፈተህ ለካው» አለች ደስታነሽ።

«ከተፈታ ይንቀሳቀሳል። የሚንቀሳቀስ አይለካም።»

«ደንበኛው ቤትስ ማን ይቆነጥጥለታል?»

«እሱ የኛ ክፍል አይደለም።»

መሣሪያው ቀጥ ነው ካለ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታወቀ። ደንብም ተጻፈ፦ «ክዳን አጎበጠ የሚባለው ከልኬት በኋላ መጀመሪያ የነካው ነው።» በዚህ ደንብ ደስታነሽ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተቀበለች፤ ሦስተኛው ማባረሪያ ነው። የአገሩ ሕግ ከማባረር በፊት የሠራተኛው ቃል ይሰማ ይላልና ሺሙዓ ለሚሉት የመደመጫ ጉባኤ ተጠራች።

የፎርማው ሠራተኛ አያ ዘመነ በር ላይ ያዟት። «አንቺ ልጅ፣ ይቅርታ በይና እንጀራሽን ብዪ።»

«ላላጎበጥሁት፣ አያ ዘመነ?»

«እኔስ ላላጠፋሁት ይቅርታ ስል አይደል የኖርሁ?»

እሷ ግን ገብታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ፊታቸው አንድ ክዳን ይለካ። ጉባኤው ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ እንደያዘ ወደ መለኪያው ክፍል ተዛወረ። ክዳኑ ተለካ፤ ዜሮ። ኤቲ ረክታ ራሷን ነቀነቀች። ደስታነሽ ወንበር ሳበችና ሁለት እጇን ከሥሯ አድርጋ ተቀመጠችባቸው።

«አንሺው እንጂ» አላት ኦሬን።

«የኔ እጅ ያጎብጣል። ኤቲ ትፍታው።»

ኤቲ አራቱንም መቆንጠጫ ፈታች። ክዳኑ ቁልምም ብሎ ጠረጴዛው ላይ እንደ ታንኳ ተወዛወዘ።

«ከልኬት በኋላ መጀመሪያ የነካው ማነው?» አለች ደስታነሽ።

ያን ጊዜ እጇን ከሥሯ አወጣችና በስሟ የተጻፈውን ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ ወደ ኤቲ ገፋ አደረገችው።

«ስሙን ብቻ ለውጪው፤ ሌላው በደንቡ መሠረት ነው።»