ዘሃራ ጣቴን የያዘችበት ጁምዓ

ስሙኝማ ወገኖቼ፣ ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ጉድ ሆንኩ!

ጣልያን አዋጁን የሚለጥፍበት ግድግዳ ላይ እኔም ጉዴን ብለጥፈው በወደድኩ። ግን ያ ግድግዳ ባለቤት አለው። ለእናንተ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ግንበኛ ነኝ። ቤቴ ቂርቆስ ነው፤ ጣልያን ካዛንቺስ ላይ ለሹሞቹ የሚያሠራቸውን ቤቶች ከሚገነቡት አንዱ ነኝ። ፊደል ስለቆጠርኩ፣ አዋጅ በተለጠፈ ቁጥር ለሰፈሩ የማነበው እኔ ነኝ፤ ጣቴን በየመስመሩ እየሳብኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ኩራት ቢጤ አለብኝ። አዎ፣ አውቃለሁ።

በቁርአንም ቢሆን እንዳትንቁኝ። ልጅ ሆኜ ወሎ ሳለሁ፣ ሸሁ እያሉ እኛ እየተከተልን፣ ያሲን የተባለውን ምዕራፍ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከኔ አፍ የሰማ ሁሉ ማሻአላህ ይላል።

አምና ሸህ ኑሩ የሚባሉ መምህር ከወሎ መጥተው፣ ካዛንቺስ አጠገብ አንዲት ክፍል ውስጥ ልጆችን ቁርአን ማስቀራት ጀመሩ። ግን እንደለመድነው አይደለም። እኛ የምናውቀው፣ አባት ልጁን ለሸሁ አስረክቦ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቀው «የት ደረስክ?» ብሎ ብቻ ነው።

ሸህ ኑሩ እምቢ አሉ። አባትም እናትም፣ ወንዱም ሴቷም ልጅ፣ በአንድ ሎህ ዙሪያ አብረው ይቀመጡ አሉ። ሎህ ማለቴ፣ አንቀጹ በጥላሸት ቀለም የሚጻፍበት፣ ሲጠና ታጥቦ እንደገና የሚጻፍበት ጣውላ ነው።

ለምን ብለን ጠየቅናቸው።

«እኔን ነገ ጣልያን ቢወስደኝ ልጆቹን ማን ያስቀራቸዋል? እያንዳንዱ ቤት የራሱ መምህር ይኑረው።»

ዘንድሮ ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው የሌለበት ሰፈር የት አለ?

ባለቤቴ ከድጃና ልጄ ዘሃራ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ሄዱ። እኔ አልፎ አልፎ ብቅ እል ነበር። ያሲንን የያዘ ሰው አሊፍ፣ ባ፣ ታ ምን ያደርግለታል ብዬ!

ችግሩ፣ የክፍሉ ባለቤት ሐጂ ሰይድ ነገሩ አላማራቸውም። አባት ከልጁ እኩል ሰሌን ላይ ተቀምጦ ሲማር የልጅ አክብሮት ይጠፋል ባይ ናቸው። ጁምዓ መጥቼ አያለሁ፣ ካልጣመኝ ክፍሌን እወስዳለሁ አሉ።

ክፍሉ ከሄደ ዘሃራ ቤት መቅረቷ ነው። ሌላው የሰፈራችን ቁርአን ቤት ሴት ልጅ አይቀበልም። ልጄ ደግሞ ገና ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሎሁን ትራሷ አጠገብ ሳታስቀምጥ አትተኛም።

እንግዲህ እንደኔ ያለው ሰው በዚህ ጊዜ ምን ይላል?

«ለኔ ተዉት! ሐጂ ፊት እኔ አነባለሁ!»

ከድጃ ቀስ ብላ፣ ዘሃራ ብታነብ ይሻላል አለችኝ። አባቷ ቁጭ ብሎ እሷ? አልሰማኋትም።

ዛሬ ከሶላት በኋላ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ሐጂ ሰይድ ከዘራቸውን ይዘው ፊት ለፊታችን ተቀመጡ። ሸህ ኑሩ ሎሁ ላይ ሦስት መስመር ጽፈው ሰጡን። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅን።

ያሲን! በሆዴ ሳቅሁ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ጣቴን ሎሁ ላይ አሳረፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ለቀቅኩት። ድምፄ ዛሬ እንዴት ያምር እንደነበር! ክፍሉ ጸጥ አለ። ልባቸው ተነክቶ ነው ብዬ ጨመርኩበት። ጸጥታው ባሰ፣ እኔም ባስኩ።

«ልጄ፣ ጣትህ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ ሐጂ ሰይድ።

ዓይኔን ገለጥኩ።

ጣቴ ሎሁን ጨርሶ ሰሌኑ ላይ፣ በቀኜ የተቀመጠችው ዘሃራ ጉልበት ሥር ደርሷል!

ገባችሁ? አረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚጻፈው። እኔ እንደ አዋጁ ከግራ ወደ ቀኝ ስነዳው ነበር። ሦስቱንም መስመር! የተጻፈው ካለቀ በኋላም በቃሌ ገስግሻለሁ። አፌ ያሲንን ሲቀራ፣ ጣቴ የጣልያንን አዋጅ ያነባል።

ወላሂ አላጭበረበርኩም። ሳነብ የኖርኩ መስሎኝ ነበር። ፊደሉን አንድ በአንድ ያሳየኝ ሰው እንደሌለ ያወቅሁት ዛሬ ነው።

አንዱ ከኋላ ሳቁን ማፈን አቃተው። ሐጂ ሰይድ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ። በቃ፣ ባስታ! ክፍሉ ሄደ፣ ልጄ ቤት ልትቀር ነው፣ ያውም በኔ ጣት።

ያኔ ዘሃራ ጣቴን ያዘችው። ከሰሌኑ አንስታ ሎሁ ቀኝ ጥግ ላይ አስቀመጠችው።

«አባ፣ ከዚህ ነው። ይምጡ፣ አብረን እንሂድ።»

ሄድን። እሷ እየመራች፣ እኔ እንደ ሕፃን እየተንተባተብኩ፣ ፊደል በፊደል። አንድ ቦታ ላይ እሷም ተያዘች፤ ከድጃ ከኋላችን ሆና አቃናቻት። ለካ እናትና ልጅ ልብስ ሲያጥቡ አብረው ሲቀሩ ነው የከረሙት! እኔ ሲሚንቶ ሳቦካ ቤቴ ውስጥ ቁርአን ቤት ተከፍቷል።

ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ሦስቱ መስመር ሲያልቅ ዘሃራ ጣቴን ለቀቀችና ጎንበስ ብላ እጄን ሳመች። ከትምህርት ስትነሳ ሁልጊዜ የሸሁን እጅ እንደምትስመው።

ሐጂ ሰይድ ይህን ቆመው አዩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ክፍሉ የናንተ ነው» አሉ። ቀጥለው በከዘራቸው ወደኔ ጠቆሙ። «ይሄን ሰውዬ ግን ከአሊፍ ጀምሩለት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ?

ይባስ ብሎ ወደ ቤት ስንመለስ ግድግዳው ላይ አዲስ አዋጅ ተለጥፏል። ጎረቤቶቼ እንዳነብላቸው ጠሩኝ። ጣቴን ስሰድ የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? ቀኝ ጥግ! ዘሃራ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች።

አሁን ይሄን ሳወራችሁ ሎሁ ከፊቴ ነው። ዘሃራ አሊፍ ጽፋ ሰጥታኛለች፣ ከድጃ ታርመኛለች፣ ሁለቱም አይራሩልኝም። ሸህ ኑሩን፣ አላህ አያድርገውና፣ ነገ ቢወስዷቸው የኔ ቤት ቁርአን ቤት አይዘጋም። መምህሯ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ተማሪው ጢማም ግንበኛ ነው።

እናንተ ቤትስ ተማሪው ማነው?