የኣቦይ ተኽለ ምስጢር ጠባቂ ስልክ

ስልኬ ተጠልፏል ብሎ የሚጠረጥር ሽማግሌ የሌለበት ግቢ በመቐለ ተፈልጎ አይገኝም። ልብስ ሰፊዋ ሐፊሳ የምትኖርበት ግቢ ድርሻ ክቡር ኣቦይ ተኽለ ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሬዲዮ ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያልቅ «መስመሩ ላይ ሰው አለ!» ብለው በደዋዩ ጆሮ ላይ ይዘጋሉ። አንዴ የአጎታቸውን ልጅ መርዶ በምስጢር ቃል ቢያረዱ፣ ዘመዱ ሁሉ ለሠርግ ለብሶ ከተፍ አለ።

አምና ልጃቸው ኣስመላሽ ከአዲስ አበባ ኪስ የምትገባ ስልክ ላከላቸው። ድምፅ መስጥሮ የሚልክ የመደወያ መተግበሪያ ተጭኖባታል።

«ሐፊሳ ጓለይ፣ ልጄ፣ ቃሌ ከዚህ ሲወጣ ተቆላልፎ ነው። የሚፈታው የኣስመላሽ ስልክ ብቻ! ማንም ቢጠልፈው አይገባውም፤ ጥርቅም ነው!»

ጥርቅም ነው። ችግሩ፣ ጆሯቸው ደከም ስላለ ስፒከር ይከፍታሉ። ኔትወርኩ ደግሞ ግቢው መሀል፣ የውሃ ታንከሩ ሥር ካልቆሙ አይመጣም። ተመስጥሮ የመጣውን ቃል አምስት አባወራ እኩል ይካፈለዋል።

አንድ ቀን ሐፊሳ በሯ ላይ ስትሰፋ የኣስመላሽ ድምፅ ከታንከሩ ሥር ጮኸ።

«አባ፣ የልብ ቀዶ ሕክምናው ለሚመጣው ሳምንት ሰኞ ተቀጥሯል።»

«እናትህ እንዳትሰማ! ደም ግፊቷ ይነሳባታል። ለጡረታ ጉዳይ ነው አዲስ አበባ የምሄደው ብያታለሁ።»

የሐፊሳ እጅ ጨርቁ ላይ ቀረ። በየቀኑ የምትስቅባቸውን ሰውዬ ይህን ያህል እንደምትወዳቸው አታውቅም ነበር። ወዲያው የግቢው በር ተንቋቋ፤ ባለቤታቸው ኣደይ ኣምለሰት ከቤተ ክርስቲያን መጡ። ሐፊሳ የስፌት መኪናዋን ባለ በሌለ ኃይሏ ረገጠችው። ጎረቤቷ ንጉሰም ገብቶት ባዶ በርሜል ይደበድብ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ግቢው ይንጫጫል። ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው ኣደይ ኣምለሰት መጥተው ሐፊሳ አጠገብ ተቀመጡ።

«ጓለይ፣ እግርሽን አሳርፊው እንጂ። እኔማ ያን ቀን ገና ከበሩ ውጪ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ ኣደይ?»

«አልሰማችም ብሎ ካመነ ነው ልቡ የሚያርፈው።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እሱ ለእኔ ይፈራል፤ እኔ ለእሱ።»

ኣቦይ ተኽለ ስልካቸውን ይዘው ከቤት ሲወጡ፣ ኣደይ ኣምለሰት ብድግ ብለው ሐፊሳ ክፍል ውስጥ ገቡ።

«ኣምለሰት መጥታለች እንዴ?» አሉ ሽማግሌው፣ ግራ ቀኝ እያዩ።

«የሉም፣ ኣቦይ። ይደውሉ።»

የምትሰፋው ልብስ አልቋል፤ መርፌው ላይ ክር እንኳ የለም። ሐፊሳ ባዶውን መኪና መርገጥ ጀመረች።