ቀላሏ ማግነም

[ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ዳር፣ የጦር መሣሪያ መደብርና የተኩስ መለማመጃ ያለበት ሕንፃ ፊት ለፊት ያለ ፓርኪንግ። ረፋድ ነው። አክሊልና ጀላልዲን መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በኪራይ ሽጉጥ ሲለማመዱ ቆይተው ገና መውጣታቸው ነው። አክሊል በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት አሻሻጭ ነው፤ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ቀኝ እጁን በበረዶ ከረጢት ጠቅልሎ ይዟል። ጀላልዲን የቆየ ወዳጁ ነው፤ የሚኖረው እዚያው አሌክሳንድሪያ ነው፤ ነገር ሲነግሩት ቆየት ብሎ ነው የሚመልሰው።]

አክሊል፦ አልጮህኩም።

ጀላልዲን፦ ጮኸሃል።

አክሊል፦ ሽጉጧ ናት የጮኸችው። ማግነም ጥይቷ ኃይለኛ ነው፤ ድምፅ አላት።

ጀላልዲን፦ [አሰብ አድርጎ] ማግነም «እማዬ» ትላለች?

አክሊል፦ ጆሮህን ሸፍነህ ነበር፤ ምን ሰምተህ ነው።

ጀላልዲን፦ ሸፍኜ ነው የሰማሁት።

አክሊል፦ በል ተወው። ዋናው ነገር የምፈልጋትን አገኘሁ። ቲታኒየም ናት። ኪስህ ብትከታት የቤትህ ቁልፍ ነው የሚከብድህ። ጫካ ስትገባ እያንዳንዱ ግራም ጠላትህ ነው። ይሄን ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምረው ሰውዬ አላስካ ነው የሚኖረው።

ጀላልዲን፦ አንተ ግን የምትሄደው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሸነንዶዋ ፓርክ ነው።

አክሊል፦ ድብ የትም ድብ ነው።

ጀላልዲን፦ የመለማመጃው አሰልጣኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው ያለው። ሽጉጥ በቀለለ ቁጥር ምቱ ወደ ተኳሹ እጅ ይመለሳል አለ። አንዳንዴም አንዷን ስትተኩስ፣ ከምቱ የተነሳ የቀሩት ጥይቶች ጫፋቸው ከቀለሃው ወጣ ይልና የጥይቱ መያዣ መሽከርከሪያ ይቆለፋል አለ። ከበድ ያለችውን የብረቷን ውሰዱ፣ መጀመሪያ ለስለስ ባለ ጥይት ተለማመዱባት ብሎ መከረን።

አክሊል፦ ነጋዴ ነው። ከባድ ከባዱን ማውጣት ይፈልጋል።

ጀላልዲን፦ በኪሎ ነው እንዴ የሚሸጡት?

አክሊል፦ [ትንፋሹን እየሰበሰበ] ጀላል፣ እንዲገባህ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ሽጉጥን ዕድሜ ልክህን ትሸከመዋለህ። የምትተኩሰው ምናልባት አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ሽጉጥ የሚመረጠው ለሸክም ነው።

ጀላልዲን፦ ያን አንድ ቀን ብትስትስ?

አክሊል፦ ለምን እስታለሁ?

ጀላልዲን፦ ዛሬ የመታኸው አጠገብህ ትተኩስ የነበረችውን ሴትዮ የዒላማ ወረቀት ነው። ሴትዮዋ ያልተኮሰችው ቀዳዳ ወረቀቷ ላይ አግኝታ ግራ ስትጋባ፣ ይቅርታ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። ደግ ሴት ናት፤ የመጀመሪያ ቀኑ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አክሊል፦ ምን አልካት?

ጀላልዲን፦ ሌላውን ሁሉ ያውቃል አልኳት።

አክሊል፦ አንተ ደግሞ በዚያች ከባድ ብረት ወረቀቱ ላይ የተሳለውን ሰውዬ ደረት ወንፊት ስላደረግከው ነው የምትኮራው። አሰልጣኙ ያዝ እንዳለህ ያዝክ፣ ተኩስ ሲልህ ተኮስክ፤ ይሄ ችሎታ አይባልም። በዚያ ላይ ወረቀት ነው። ወረቀት አይሮጥም፤ ድብ ይሮጣል።

ጀላልዲን፦ የማይሮጠውን ከሳትክ፣ የሚሮጠውን እንዴት ልታገኘው ነው?

[አክሊል የበረዶውን ከረጢት ገለበጠው።]

ጀላልዲን፦ እኔ እስካሁን ያልገባኝ፣ ጫካ መግባቱ ለምን አስፈለገ?

አክሊል፦ ልጄ ሚስጥር ናት ያመጣችብኝ። እሷና እጮኛዋ ጊዲዮን ገንዘብ ከፍለው መሬት ላይ መተኛት ይወዳሉ። ሁለቱ አባቶች አብረው ካምፕ ያድርጉና ይቀራረቡ አሉ። የጊዲዮን አባት፣ አቶ ፍቅረማርያም፣ ጌይተርስበርግ ቤታቸው እራት ጠርተውን ነበር። እዚያ ማዕድ ላይ፣ በወጣትነታቸው ባሌ ከአባታቸው ጋር ነብር እንዳደኑ መተረክ ጀመሩ። ልጆቹ እጃቸውን ከትሪው አንስተው ነው የሚያዳምጡት። እኔ ዝም ብዬ ልጉረስ?

ጀላልዲን፦ ምን አልክ?

አክሊል፦ ጎሽ አልኩ።

ጀላልዲን፦ ያደንከው?

አክሊል፦ ሁለት።

ጀላልዲን፦ አክሊል፣ አንተ ያደግከው ካዛንቺስ ነው።

አክሊል፦ እሳቸው ይሄን አያውቁም።

ጀላልዲን፦ ምህረትስ? ሚስትህ አጠገብህ ነበረች።

አክሊል፦ እዚያ ምንም አላለችም፤ ወጥ ጨለፈችልኝ። ቤት ስንደርስ ግን ከጎሾቹ ጋር የትኛው ቀበሌ እንደተገናኘን ጠየቀችኝ። [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እዚያው እራቱ ላይ ሽማግሌው ሸነንዶዋ ድብ አለ ይባላል ብለው ሲጨነቁ፣ አይስጉ፣ ማግነሜን ይዣለሁ አልኳቸው። በቃ ከአፌ ወጣ። አሁን እንግዲህ ማግነም ያለኝ ሰው መሆን አለብኝ። ና፣ እንግባና እንግዛ።

[ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። አክሊል ከፊት እየፈጠነ፣ ጀላልዲን ከኋላ በዝግታ። መኪናው ውስጥ ገቡ።]

አክሊል፦ አንድ ቃል ነበር። አንድ ቃል ብቻ በል አልኩህ።

ጀላልዲን፦ ብያለሁ እኮ።

አክሊል፦ ሰውየው የሜሪላንድ መንጃ ላይሰንሴን አይቶ፣ ለሌላ ስቴት ነዋሪ ሽጉጥ አናስረክብም አለ። እሺ። አንተ የቨርጂኒያ ነህ፤ በስምህ ግዛልኝ አልኩህ። ለራስህ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅህ «የስ» በል አልኩህ።

ጀላልዲን፦ «የስ» አልኩ።

አክሊል፦ ካልክ በኋላ ለምን ወደኔ ዞረህ «ራይት?» አልከኝ?

ጀላልዲን፦ በትክክል ማለቴን ላረጋግጥ ብዬ ነው።

አክሊል፦ ሰውየው ሽጉጧን መልሶ ሲቆልፍባት እንዴት እንዳየኝ አይተሃል? ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዴት ነው የምገባው?

ጀላልዲን፦ አንተ ተናድደህ ስትወጣ ወደኋላ ቀርቼ አነጋገርኩት። ለሌላ ሰው እየገዙ ለራሴ ነው ማለት ያሳስራል አለኝ። የሚታሰረው የሚገዛው ነው ወይስ የሚያስገዛው ብዬ ጠየቅኩት። ለሁለታችሁም ቦታ አይጠፋም አለ። የዜግነት ኢንተርቪዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ አክሊል። ዋሽተህ ታውቃለህ ወይ ብለው ይጠይቁኛል።

[አክሊል መሪውን ወደያዘው ጀላልዲን ዞረ።]

አክሊል፦ ለምን አልነገርከኝም?

ጀላልዲን፦ ከቤትህ ይዤህ ስመጣ ቤልትዌይ አውራ ጎዳናው ላይ ነግሬሃለሁ። አንተ ስለ አላስካው ሰውዬ እያወራህ ነበር።

[የአክሊል ስልክ ጠራ።]

አክሊል፦ አቶ ፍቅረማርያም ናቸው። [ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን አወፍሮ] ጤና ይስጥልኝ። እንዴት አደሩ? ... ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ... [ለረጅም ጊዜ ያዳምጣል፤ ትከሻው ቀስ በቀስ ይወርዳል] ኧረ ምንም አይደለም። ማንም የሚያደርገው ነው። ... እኔ እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር ... [ያቋርጡታል፤ ያዳምጣል] ቅዳሜ? ... እሺ። ደስ ይለኛል።

[ስልኩን ዘጋ።]

ጀላልዲን፦ ምን አሉ?

አክሊል፦ ነብሩን ያደኑት አባታቸው ናቸው። እሳቸው እንኳን ጠመንጃ ሊይዙ፣ ድንኳን ውስጥ አድረው አያውቁም። ውሸቱ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ልጆቻችን ሊጋቡ ነው፣ ዝምድናውን በሐሰት አልጀምርም ብለው ነገሩኝ። ለካ እንደ ድቡ ያስፈራቸው፣ አጠገባቸው ታጥቆ የሚተኛው ሰውም ነው።

ጀላልዲን፦ አንተ?

አክሊል፦ እኔ።

ጀላልዲን፦ አልሐምዱሊላህ። በሩን እሳቸው ከፈቱልህ። አንተም የጎሾቹን ነገር ነገርካቸው። ነገርካቸው አይደል?

አክሊል፦ ልነግራቸው ጀምሬ ነበር፤ ሰምተኸኛል። ያኔ «እርስዎ ግን ሥራውን የሚያውቁ ሰው ነዎት» አሉ። እንደሱ ሲሉህ ምን ትላለህ?

ጀላልዲን፦ አላውቅም እላለሁ።

አክሊል፦ ለአንተ ይቀልሃል።

ጀላልዲን፦ ቅዳሜ ያልከውስ ምንድን ነው?

አክሊል፦ አንድ ድንኳን ውስጥ ከመተኛታችን በፊት ሲተኩሱ አይቼ ልቤ ይረጋ አሉ። የመለማመጃ ቦታ ይውሰዱኝ፣ ልጆቹም ይዩዎት አሉ። ሚስጥር ትመጣለች፤ ጊዲዮን ይመጣል። ምህረት ይሄን ሰምታ የምትቀር ይመስልሃል?

[ጀላልዲን ሞተሩን ሊያስነሳ ቁልፉን ያዘና ተወው። አክሊል እጁን ከበረዶው አወጣ፤ አውራ ጣቱ አብጧል። ሊያጥፈው ሞከረ፣ አልታጠፈም።]

አክሊል፦ ጀላል።

ጀላልዲን፦ አቤት።

አክሊል፦ ያቺን ከባዷን እንዴት ነበር የያዝካት? አስተምረኝ።

ጀላልዲን፦ አያያዙ በኋላ ይደረስበታል። መጀመሪያ ዓይንህን መግለጥ ነው። ጠዋት ስትተኩስ ጨፍነህ ነበር።