ጸሐፌ ትእዛዝ ፈጠነች በአንዲት አግራፍ ሙቱን ከሕያው የለዩበት ዜና

ጸሐፌ ትእዛዝ ፈጠነች በጉኑኖ ከተማ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የጽሕፈት ቤቱን ማኅተምና ቁልፍ በተረከቡ በአራተኛው ዓመት፥ ርዕሰ መምህር ተሻገር ከጎጃም ተሹመው በመጡ በሁለተኛው፥ ጀነሬተሩ ባረፈ በመጀመሪያው ዓመት፥ በወርኃ ጥር፥ በዕለተ ዓርብ፥ ከማለዳው በሁለት ሰዓት ተኩል ይህ ሆነ።

መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሰንብቶ በዚያች ማለዳ በኃይል መጣ፤ መጣና ሄደ፤ ሄደና ደግሞ መጣ። ወእምዝ ፈጠነች ወደ ወንበራቸው ቀርበው የሲፒዩውን ቁልፍ በአመልካች ጣታቸው ቢጫኑት ዝም አለ። ደግመው ቢጫኑት ዝም አለ። በሦስተኛው በአውራ ጣታቸው ቢጫኑትም አንዲት መብራት አልበራችም፥ ፋኑም አልዞረም።

በዚያ ሲፒዩ ሆድ ውስጥ የሰማንያ አራት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የፈተና ምዝገባ ነበረ፤ ሦስት ሳምንት የተለፋበት፥ ስም ከነአያት። ዝርዝሩም በዚያው ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታትሞ ሶዶ መድረስ ነበረበት። ርዕሰ መምህሩ «ፍላሽ ላይ ገልብጪው» ብለው ሦስት ጊዜ አውጀው ነበር፤ ፈጠነችም ሦስት ጊዜ «እሺ» ብለው ነበር። አልገለበጡም። 

ነገሩ በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተሰበሰበ። በፊት ርዕሰ መምህር ተሻገር፥ ሦስት እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው የማይለይ፤ በቀኛቸው ሊቀ ኮምፒዩተር መምህር ህብረት፥ ኮምፒዩተር በሌለበት ክፍል ኮምፒዩተርን ስድስት ዓመት ያስተማሩ፥ ማውስን በጠመኔ ስለው ያሳወቁ፤ በበሩ አጋፋሪ ጩማ፥ የግቢው ዘበኛ፥ ከነዱላቸው፤ ከኋላም ደብዳቤ ልታስጽፍ የመጣች አንዲት እናት፥ ማንም ያልጠራት አንዲት ዶሮም።

ሊቀ ኮምፒዩተር ህብረት ጎንበስ ብለው አሸተቱ፥ በጣታቸው ቆረቆሩ፥ ቀና ብለውም አወጁ፦ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል! አለቀለት። ሃርድ ዲስኩም አብሮ ሳይሄድ አይቀርም።»

ርዕሰ መምህሩ ቁጭ አሉ። «ሰማንያ አራት ልጅ!» አሉ፤ ፍላሹንም ቢጠይቁ ባዶ ነበረ። ያቺም እናት ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ፦ «የኔ ሩት ስሟ እዚያ ውስጥ ነው?» አለች። 

በዚያን ጊዜ ፈጠነች ተነሡ። እርሳቸው ወደዚህ ሳይመጡ በፊት በሶዶ በአንድ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ስምንት ወር ስልክ ሲያነሡ ኖረው ነበር፤ ጆሯቸው በስልክ ሳለ ዓይናቸው ግን በጠጋኞቹ እጅ ላይ ነበረ። «ሳይመረመር ሞተ አይባልም! ጋሽ ጩማ፥ ካቻቢቴ ያምጡልኝ» ብለው አወጁ።

አስቀድመው ሶኬቱን መረመሩ፤ የስልክ ቻርጀር ቢሰኩበት ስልኩ ኃይል ሞላ፤ ሶኬቱም ነጻ ወጣ። ቀጥለው ሞኒተሩን ሲያበራ የነበረውን ገመድ ነቅለው በሲፒዩው ቢሰኩት ያው ዝም ሆነ፤ ገመዱም ነጻ ወጣ። መምህር ህብረት «ነገርኳችሁ!» አሉ። 

ወእምዝ ገመዱን ነቅለው የሲፒዩውን ጎን ከፈቱ፥ አቧራውም እንደ ዳሞታ ተራራ ጉም ተነሣ። ለሲፒዩው መብራት ከሚያድለው ከፓወር ሰፕላዩ ወጥቶ ዋናው ሰሌዳ ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካውን ሰፊውን ሶኬት አላቀቁ፤ ከደብዳቤ ላይ አንዲት አግራፍ መዘዙ፥ አቃኗትም፥ አንዱን ጫፍ ባረንጓዴው ሽቦ ቀዳዳ፥ ሌላውን በጥቁሩ ከተቱ። መምህር ህብረት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፦ «ተዪው ፈጠነች፥ ይይዝሻል!»

«አይይዘኝም፤ ስንሰካው እጄን አነሣለሁ» አሉ ፈጠነች። «ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ከሆነ በዚች አግራፍ ብቻ ፋኑ ይዞራል። ካልዞረ በሽተኛው እሱ ነው፥ ማዘርቦርዱ አይደለም።»  እጃቸውንም አንሥተው «ጋሽ ጩማ፥ ገመዱን ይሰኩት!» አሉ።

አጋፋሪ ጩማ ሰኩ። ፋኑ አልዞረም።

ሠራዊቱ ሁሉ ተከዘ፤ ፈጠነች ብቻ እጃቸውን አጨብጭበው «እሰይ! አልዞረም!» አሉ። ርዕሰ መምህሩ ጸሐፊያቸው ከድንጋጤ የተነሣ አእምሯቸውን የሳቱ መስሏቸው ውኃ አስመጡ።

ፈጠነች ውኃውን ጠጥተው፥ ሞኒተሩ ተሰብሮ በቤተ መጻሕፍት ጨርቅ ለብሶ የተኛውን ሲፒዩ አስመጡ፤ ጩማም በትከሻቸው ተሸክመው አደረሱ። የእርሱን ፓወር ሰፕላይ ፈተው በዚያችው አግራፍ ቢፈትኑት ፋኑ ዞረ፥ የዓመታት አቧራውንም በርዕሰ መምህሩ ኮት ላይ ተፋ። አራት ብሎን ፈተው ሙቱን አወጡ፥ ሕያውንም በስፍራው አስገብተው በሦስት ብሎን አሰሩ፤ አራተኛው የት እንደ ገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቁልፉንም ቢጫኑት «ጢጥ» አለ።

ዝርዝሩ በሞኒተሩ ላይ በተከፈተ ጊዜ ያቺ እናት በጣቷ እየተከተለች ወረደች፤ በስድሳ ሰባተኛው ላይ ቆመች፥ ዓይኗም እንባ ሞላ። አጋፋሪ ጩማ በወላይትኛ «ጦሳይ አንጆ!» ብለው እግዚአብሔርን ለምርቃት ጠሩ። ርዕሰ መምህር ተሻገርም የታተመውን ወረቀት ገና ሳይበርድ ይዘው በሚኒባስ ወጡ፥ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆንም ሶዶ አስረከቡ።

ሰኞ በሰልፍ ላይ አዋጅ ወጣ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ፈጠነች ሳታየው ማንኛውም ኮምፒዩተር ሞተ እንዳይባል!» ተማሪው ሁሉ አጨበጨበ፤ መምህር ህብረት ግን ጫማቸውን ያዩ ነበር።

በምሳ ሰዓት መምህሩ ብቻቸውን ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጡ፥ በሩንም ዘጉ። «ፈጠነች፥ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ሆዱን ከፍቼ አይቼ አላውቅም፤ የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው። ታሳዪኛለሽ?» አሉ።

ፈጠነች ሊሥቁ ይችሉ ነበር፤ አልሣቁም። «ና፥ ቁጭ በል» ብለው ካቻቢቴውን በእጃቸው አኖሩላቸው። ማክሰኞ በስምንተኛ ክፍል ያ ከቤተ መጻሕፍት የመጣው ሲፒዩ ሆዱን ተከፍቶ በጠረጴዛ ላይ ቆመ፤ ልጆቹም ተራ በተራ ነኩት። ያስተማሩት መምህር ህብረት ነበሩ፤ በተሳሳቱም ጊዜ «ይቅርታ፥ ልክ አይደለሁም» ብለው አረሙ፤ ይህም በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበረ።

ስለዚህ የጉኑኖ ሰዎች ሆይ፥ ፈጠነችን አመስግኑ፦ ዝም ያለውን ሁሉ ሞተ ያላሉትን፥ «ይይዝሻል» ሲባሉ ያልተመለሱትን፥ ሊቁን በአደባባይ ረትተው በጓዳ ያላሳፈሩትን። ዘመናቸው ይርዘም፥ መብራታቸውም አይጥፋ፤ ቢጠፋም ቀስ ብሎ ይምጣ።