አቶ ቢሆንስ እና ከቱቦው የወጣው ካቦ

በየቤተሰቡ አንድ "ቢሆንስ" ባይ አለ። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ ምናልባት እናንተው ናችሁ። ሌላው ሰው ዝናብ ሲያይ ጃንጥላ ይይዛል፤ እሱ ጃንጥላው ቢገለበጥስ ብሎ የዝናብ ልብስ ይደርባል፣ የዝናብ ልብሱ ቢያስገባስ ብሎ ደግሞ ቅያሪ ካልሲ በኪሱ ይከታል። ፀሐይ ከወጣም አያርፍም፤ ይሄ ሁሉ ፀሐይ ምን ሊያመጣ ነው ይላል።

የዚህ ታሪክ ባለቤት መድኃኒት ቤት አለው። "ክቡር አቶ ቢሆንስ" የሚለውን ማዕረግ የሰጡት ደንበኞቹ ናቸው። ለራስ ምታት ክኒን ፈልጎ የመጣውን ሰው፣ "ይሄ ጨጓራ ሊነካ ይችላል" ይለዋል። "አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል። መኪና ትነዳለህ?" ሰውየው አልነዳም ሲል፣ "ድንገት ንዳ ቢሉህስ?" ሰውየው ለትንሽ ጊዜ ያስብና ራስ ምታቱን እንደያዘ ወጥቶ ይሄዳል። ሱቁ እስካሁን እንዴት እንዳልተዘጋ የሚገርማቸው ብዙ ናቸው። እሱ ራሱም ይገርመዋል፤ ቢዘጋስ እያለ።

ቤተሰቡን ይዞ ለሽርሽር ሲወጣማ አይጣል ነው። አንድ ጊዜ ምድጃው ሳይጠፋ ቀርቶ ቢሆንስ ብሎ ከመንገድ ተመለሰ። ጠፍቷል። እንደገና ከተማውን ሊወጡ ሲሉ፣ ምድጃውን ለማየት ሲሮጥ በሩን ክፍት ትቶት ቢሆንስ ብሎ በድጋሚ ዞረ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት አማቱ ትዕግሥታቸው አለቀ።

"እኔን እዚሁ ቤት ጣለኝና ሂዱ" አሉት። "ቢያንስ ጠባቂ አለ ብለህ ታርፋለህ።"

"ብቻዎን ሆነው ቢያምዎትስ፣ እማማ?"

ሽርሽሩ በዚያው ቀረ።

እንዲህ ያለውን ሰው ያገባችው የጥርስ ሐኪም ናት። ሰው ስታስፈራ እንጂ ስትፈራ ያያት የለም። ዘመኗን ሁሉ ሰው አፍ ውስጥ አጎንብሳ ስለኖረች አንገቷ ደርቆ፣ ጀርባዋ ተቆላልፎ ነበር። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ ጫካማ ኮረብታ ላይ ወስዳ የተራራ ሳይክል አስነዳቻት። ፊቷ በጭቃ ተለብጦ፣ ክርኗ ተልጦ፣ ሌላ ሰው ሆና ተመለሰች። ባልየው ክርኗን አየ። እሷ ግን ስለ ክርኗ አንድም ቃል ሳታነሳ ስለ ቁልቁለቱ እያወራች እራት በላች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ አሮጌ ፍሬም ተሸክማ መጣች። ጎማም መሪም የሌለው፣ የሳይክል ባዶ አጥንት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አላት።

"ሳይክል ነው። እዚሁ እገጣጥመዋለሁ።"

"ጎማው የታለ?"

"ይመጣል።"

"ፍሬኑስ?"

"እሱም ይመጣል።"

"ፍሬኑ ሳይመጣ ብትነጂውስ?"

"ያለ ጎማ?" አለችው።

ፍሬሙን አንዴ ዞረውና ሄደ። የተረጋጋ ግን አይምሰላችሁ።

ሳሎኑ ጥግ ላይ ሳይክሉ ቀስ በቀስ እግር አወጣ። ጎማ ገባለት፣ ሰንሰለት ገባለት፣ ኮርቻ ገባለት። የቀረው የኋላ ፍሬኑን የሚስበው የሽቦ ገመድ፣ ካቦው፣ ነበር፤ መከራው ያለውም እዚያ ላይ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሳይክል ካቦው እንደ ድሮው ከላይ ታስሮ አይሄድም። ከመሪው ሥር ባለች ጠባብ ቀዳዳ ይገባል፣ በፍሬሙ ቱቦ ባዶ ሆድ ቁልቁል ይወርዳል፣ ፔዳሉ ጋ ይታጠፋል፣ ከዚያ ከኋላ ጎማው አጠገብ በሌላ ቀዳዳ ብቅ ይላል። ብቅ ካለ ነው። ሐኪሟ ከክሊኒክ ባመጣቻት ትንሽ መስታወት ወደ ቀዳዳው እያየች፣ በቀጭን መንጠቆ እየፈለገች፣ ስንት ምሽት ወለል ላይ ተንበርክካ አመሸች።

"ለምን በውጭ አታስሪውም?" አላት አቶ ቢሆንስ።

"ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ ይጠልፈዋል። ውስጥ ከሆነ ምንም አይነካውም።"

"ውስጥ ሆኖ ቢበጠስስ? ማን ያየዋል?"

"የጥርስ ሥርስ መች ይታያል? ይዞ ይኖር የለ?"

"ስንት ሰው ነው የጥርሱ ሥር ታሞ አንቺ ጋ የሚመጣው?"

ለዚህ መልስ አጣችለት። እሱ ደግሞ መልስ ማጣቷን ጨርሶ አልወደደውም። የሚታይ ነገር ቢያስፈራውም ሲያየው ይውላል፤ የማይታየው ነው እንቅልፍ የሚነሳው።

ዓርብ ማታ ካቦው ገባ። እሑድ ጀማሪዎች ከኮረብታው ወደ ታች የሚወዳደሩበት ቀን ነው፤ እሷም ተመዝግባለች። ቅዳሜ ጠዋት ባሏን ስማ፣ እናቷን ተሰናብታ፣ እያፏጨች ወደ ክሊኒኳ ሄደች። አቶ ቢሆንስ ከሳይክሉ ጋር ፊት ለፊት ቀረ።

ሐሳቡ ማየት ብቻ ነበር። የካቦው ጥቂት ክር ተበጥሶ እንደሆነ፣ ልባሱ ተልጦ እንደሆነ ማየት። ከኋላ ካቦውን የያዘችውን ብሎን አላላት። መሪው ጋ ያለውንም አላላ። ከዚያ ትንሽ ሳብ አደረገው። የወጣው ንጹሕ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለውስ? ሳብ አደረገ። እሱም ንጹሕ ነው። ከዚያ ቀጥሎስ? እንዲህ እያለ ቀጥሎስ፣ ቀጥሎስ ሲል የካቦው ጫፍ ከቀዳዳው ወጥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ካቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጤነኛ ነበር። ጤነኛ መሆኑን ግን ያወቀው ሚስቱ ሳምንቱን ሙሉ ተንበርክካ ያስገባችውን አውጥቶ ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

አማቱ ከክፍላቸው ወጡ።

"ምንድን ነው የያዝከው?"

"ካቦ ነው፣ እማማ።"

"የት የሚገባ?"

"እዚህ ውስጥ።"

"ታዲያ እጅህ ላይ ምን ይሠራል?"

"እባክዎን እንዳይነግሯት" አላቸው።

"እኔ ምን ቆርጦኝ እነግራታለሁ። ነገ ቁልቁለቱ ይነግራታል እንጂ።"

ይሄን ሲሰማ ተነስቶ ካቦውን በላይኛው ቀዳዳ መልሶ ገፋው። ፔዳሉ ጋ ሲደርስ ግድግዳ እንደነካ ቆመ። አወጣ፣ ገፋ፣ አጣመመ፣ እፍ አለበት፣ ፍሬሙን ዘቅዝቆ ሞከረ። በመጨረሻ አማቱ አቧራ የሚስበውን ማሽን አምጥተው አፉን የኋላው ቀዳዳ ላይ ደገኑለት፤ እሱ ደግሞ ከላይ የልብስ ስፌት ክር ሰደደ። ማሽኑ ሲጮህ ክሩ ሽው ብሎ ገብቶ በዚያ በኩል ወጣ። አቶ ቢሆንስ በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ክሩን ከካቦው ጫፍ ጋር በናስትሮ ጠቀለለና አማቱን ይሳቡ አላቸው። ሳቡ። እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ተቀረቀረ። "ቀስ ይበሉ" ሊል አፉን ሲከፍት ክሩ ተበጠሰ። ካቦውን ወደ ራሱ ሲመልሰው ጫፉ ላይ ናስትሮ የለም። የተጠቀለለው ናስትሮ ቱቦው ውስጥ ቀርቷል።

አሁን የማይታየው ነገር ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ መንገዱም፣ መንገዱን የዘጋውም።

ተመልሶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እዚያ እንደተቀመጠ አንድ ሐሳብ ቀስ ብሎ መጣበት። ካቦው ካልገባ የኋላ ፍሬን የለም። ፍሬን ከሌለ ውድድር የለም። ውድድር ከሌለ ደግሞ መውደቅ የለም፣ አምቡላንስ የለም፣ ስልክ ተደውሎ "የባለቤትዎ ስም እንዲህ ነው?" የሚል ድምፅ የለም። ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ላላ።

አማቱ የማሽኑን ገመድ እየጠቀለሉ አተኩረው አዩት።

"ደስ ያለህ ትመስላለህ" አሉት።

ፊቱ ጋለ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ስልኩን ያነሳችው የክሊኒኩ ረዳት፣ "ሐኪሟ ሥራ ላይ ናት" ስትለው፣ "ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ" አለ። ከበስተጀርባ የመሰርሰሪያው ድምፅ ይሰማል። ጠበቀ።

"ምነው፣ ምን ሆናችሁ?" አለች ሐኪሟ።

"ካቦውን አወጣሁት።"

"የቱን?"

"የፍሬኑን። ከውስጥ። ሙሉ በሙሉ።" ትንፋሽ ወሰደ። "ናስትሮም ውስጥ ቀርቷል።"

"እመጣለሁ፣ ምንም ነገር እንዳትነካ" ብላ ዘጋችው።

እስክትመጣ ድረስ ያሰበውን ሁሉ ልንገራችሁ ብል ወረቀት አይበቃም። ስትገባ ግን አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። ለበሽተኛ እንደምትዘጋጅ እጇን ታጠበች፣ ከቦርሳዋ መስታወቷንና መንጠቆዋን አወጣች፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

"አጠገቤ ቁጭ በልና ባትሪውን ያዝልኝ።"

ያዘላት።

"ለምን አወጣኸው?"

"ላየው ፈልጌ።"

"ምን አየህ?"

"ምንም። ደህና ነው።"

"ምን ልታይ ነበር ታዲያ?"

"አንቺን ወድቀሽ" አላት። ቀጥሎም፣ "ከወጣ በኋላ ደግሞ እንዲሁ ይቅር ብዬ አስቤ ነበር። እውነቴን ነው። እንዳትሄጂ።"

እጇ ቆመ። ቀና ሳትል፣ "ደወልክልኝ ግን" አለችና መንጠቆውን ወደ ቀዳዳው መለሰች።

የናስትሮውን ጥቅል ቆፍራ ስታወጣው የበሰበሰ ጥርስ እንደነቀለች ከፍ አድርጋ አሳየችው። ከዚያ አዲስ ክር ሰደዱ። በዚህ ጊዜ በናስትሮ ፋንታ የክሩን ጫፍ ከካቦው ክሮች ጋር ፈትላ አሰረችው፣ እብጠት እንዳይኖረው። እሱ ከላይ እየገፋ፣ እሷ ከኋላ እየሳበች፣ "ግፋ… ቁም… ትንሽ አዙረው… ግፋ" ትለዋለች። እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ካቦው እንደገና እምቢ አለ። አቶ ቢሆንስ መግፋቱን አቆመ። ያን ጊዜ ከወዲያኛው ጫፍ ቀስ ብላ ወዝወዝ ስታደርገው ተሰማው፤ በዚያ ሁሉ ጨለማ ቱቦ ውስጥ አልፎ እጇ እጁ ላይ ደረሰ። እሱም ሳያስበው አብሮ ወዘወዘ። ካቦው ሸርተት ብሎ አለፈ።

እሑድ ጠዋት ኮረብታው አናት ላይ ተወዳዳሪዎቹ ተሰልፈው ይስቃሉ። ሐኪሟ አትስቅም። የራስ ቁሯን ማሰሪያ ደጋግማ ትነካካለች። አቶ ቢሆንስ መንገዱን ሙሉ ሲዘጋጅ የመጣበትን ጀግንነት ሰብስቦ ተጠጋትና፣ በትዳራቸው ዘመን ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ተናገረ።

"ምንም አይሆንም" አላት።

ሐኪሟ ፊቷ አመድ መሰለ። "ምን አየህ?" አለችው።

"ምንም።"

"ንገረኝ። ካቦው ነው? አንተ ምንም አይሆንም የምትል ሰው አይደለህም። ምን ደብቀኸኝ ነው?"

"ላደፋፍርሽ ብዬ ነው እኮ።"

"ተው፣ ነፍሴ። እንደ ወትሮህ በለኝ።"

አማቱ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። አቶ ቢሆንስ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ኋላ እየፈጠነ ጀመረ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ያለው የዛፍ ሥር እርጥብ ቢሆንስ? ኩርባው ላይ የፊት ፍሬኑን ብትይዢስ? ከፊት ያለው ሰው ድንገት ቢቆምስ? ከድልድዩ በኋላ ያለው ጠጠር ቢያንሸራትትስ? በእያንዳንዱ ላይ አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ትከሻዋ በእያንዳንዱ ዝቅ ይላል። የጉልበት መከላከያውን የገዛችው፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው፣ ያን መንገድ ቀድማ በእግሯ የወረደችው እሱ "ቢሆንስ" ስላለ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባው። እስከዚያ የምትሰማው አይመስለውም ነበር።

"ሌላስ?" አለችው።

"ሌላ…" አለና መሪውን ያዘ። "ሳትመጪ ብትቀሪስ?"

ጓንቷን አውልቃ ጉንጩን ነካችው። "ለእሱ እኔ መልስ የለኝም" አለች። "ታች ሄደህ ጠብቀኝ።"

አማቱን በመኪና ይዞ እየተንደረደረ ወረደ። አማቱ መጨረሻው መስመር አጠገብ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ፤ እሱ ግን ዛፎቹ መሐል ያለውን መንገድ ዓይኑን ሳይነቅል አየ። አንዱ አለፈ። ሌላው አለፈ። አንዲቷ ወድቃ፣ ሳይክሏን እየገፋች መጣች፤ ሚስቱ አይደለችም። ሌላም አለፈ። ከዚያ አሸናፊዎቹ ውኃ ጠጥተው ሲጨርሱ፣ ሐኪሟ በጭቃ ተለውሳ ከጫካው ወጣች። እሱ ጋ ስትደርስ የኋላ ፍሬኗን ያዘች። ጎማው መሬቱን ቧጥጦ ልክ ከጫማው ፊት ቆመ።

"ሥሩ እርጥብ ነበር" አለች እያለከለከች። "እንዳልከው አለፍኩት።"

የአቶ ቢሆንስ ፊት ሊፈካ ሲል መልሶ ጨለመ።

"ባልነግርሽስ ኖሮ?"

"በቃ፣ ጀመረው" አሉ አማቱ፣ አሁንም ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ሐኪሟ ግን ሳይክሏን በአንድ እጇ እየገፋች፣ በሌላው ጭቃማ እጇ ክንዱን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችው። እሱ ቤት እስኪደርሱ ድረስ ሊሆን ይችል የነበረውን፣ ያልሆነውንም ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ። ማንም አላቋረጠውም።